አያ ተገኜ ከእጄ የዋጡት

የአያ ተገኜን ሞት የሰማሁት አዘዞ፣ ዘይት መጭመቂያ ቤት በር ላይ፣ አንድ እግሬ ገና ከባጃጅ ሳይወርድ ነው። የመጭመቂያው ባለቤት ሀብቴ ሲያየኝ አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና «አልሰማሽም እንዴ?» አለኝ።

«ምኑን?»

«አያ ተገኜ አረፉ እኮ። ሐሙስ ተቀበሩ።»

ቀኑ ሰኞ ነበር። ስልኩ አልሠራ ብሎ፣ መንገዱም አንድ ቀን ሲከፈት ሁለት ቀን እየተዘጋ፣ ከማክሰኝት አዘዞ ያለችውን አጭር መንገድ ወሬው በአራት ቀን ተጓዛት። ሐሙስ ዕለት ምን ስሠራ እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ። ከጎረቤቴ ጋር ስለ ውኃ ተራ ስጨቃጨቅ ነበር። ሰውዬው አፈር ሲለብሱ እኔ በጀሪካን ሰው ስሰድብ! ባጃጁ ላይ ተመልሼ ቁጭ አልኩ፤ ሾፌሩም ነገሩ ገባው መሰለኝ ሞተሩን አጠፋ።

ሀብቴ ራሱን እየነቀነቀ «እንግዲህ ፋጉሎውን ማን ይቅመስልን?» አለ።

በዚያች ሰዓት በጥፊ ባልለው የእግዜር ሥራ ነው። ሰው ሞቶ ስለ ፋጉሎ! በኋላ ሳስበው ግን ሀብቴ ያለቀሰው በዚያ ነበር። እኔም ብሆን ስለ እሳቸው ሳወራ ከፋጉሎ ሌላ ከየት ልጀምር?

እኔ የመኖ ላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ከብት የሚበላውን ፈጭቼ፣ መዝኜ፣ ውስጡ ምን ያህል ስብና ፕሮቲን እንዳለ አወጣለሁ። ፋጉሎ የሚባለው ኑግ ዘይቱ ተጨምቆ ሲወጣ የሚቀረው ጥቁር ቂጣ ነው፤ በሬ የሚያደልብ ሰው ያለሱ አይኖርም። ችግሩ የአንዱ መጭመቂያ ፋጉሎ ከሌላው አይገናኝም። አሮጌው መኪና ዘይቱን ግማሽ ይተውበታል፣ አዲሱ ደግሞ አድርቆ ይጥለዋል። ዘይት ለሚደልብ በሬ ጉልበት ነው፤ ሲያንሰው በሬው አይሞላም፣ ሲበዛበት ደግሞ ጨጓራው ገለባውን መፍጨት ያቅተዋል። ስለዚህ ልኩን ማወቅ የግድ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ልኩን የሚነግረን መሣሪያ ተበላሸ። መለዋወጫው ከውጭ ይመጣል ተባለ፤ ከውጭ ይመጣል የተባለ ነገር እንዴት እንደሚመጣ የምታውቁ ታውቃላችሁ። እኔም እስኪመጣ ናሙና ልሰብስብ ብዬ ጠርሙሶቼን በቦርሳ ጭኜ ማክሰኝት ወረድኩ።

ገበያው ዳር አንድ ሽማግሌ ከጆንያ ፋጉሎ ቆርሰው ሲያኝኩ አየሁ። አጭር ናቸው፣ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበዋል፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አኝከው አኝከው እንትፍ አሉት። ቀጥሎ የሚያኝኩትን ጣታቸው ላይ አሽተው በፀሐይ አዩት። ነጋዴው ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ቆሟል።

«ይሄ ከአዘዞ ነው፤ ከአሮጌው መኪና» አሉት። «ሸጋ ነው። ያኛው ግን ደረቅ ነው፤ በሬዬን ግንድ አላስቆረጥምም።»

ሳቄ መጣ። ሳቄን አይተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ምነው ልጄ፣ ምን አሳቀሽ?»

«ይቅርታ አባቴ፣ እኔ ይህን የማውቀው በመሣሪያ ስለሆነ ነው።»

«ታዲያ የታለ መሣሪያሽ?»

«ተበላሽቷል።»

«እኔ እንግዲህ አልተበላሸሁም» አሉና ጥርሳቸው ላይ የቀረውን ጥቁር ፋጉሎ እያሳዩ ሳቁብኝ።

እልህ ያዘኝ። መሣሪያው ሳይበላሽ በፊት ለክቼ ያስቀመጥኳቸው ስድስት ጠርሙሶች ነበሩኝ። በሳምንቱ ይዣቸው ሄድኩና ከየጠርሙሱ በጣቴ እየቆነጠርኩ ሰጠኋቸው። ስድስቱንም ከቅባታሙ እስከ ደረቁ በተርታ አስቀመጡልኝ። ደብተሬን ገለጥኩ። አንድም አልሳቱም። አራተኛውንና አምስተኛውን እኔ ራሴ በቁጥር ካልሆነ አልለያቸውም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜን ትተው «ባለጠርሙሷ» አሉኝ፣ እኔም አባቴ ማለቱን ትቼ እንደ ሰፈሩ አያ ተገኜ አልኳቸው።

አያ ተገኜ የደጋው፣ የኮሶዬ ሰው ናቸው። «ብርዱን ጠልቼ ወረድኩ» ይላሉ፤ ባለቤታቸው እትዬ አለሚቱ ግን «እኔን ብሎ ነው የወረደ፣ ብርዱን ምን አደረገው» ይሏቸዋል። ከገበያው ጀርባ በቆርቆሮ የተከደነ በረት አላቸው። እርሻ ያደከማቸውን በሬዎች እየገዙ ሦስት አራት ወር ቀልበው ለገና ወይ ለፋሲካ ያወጧቸዋል። በሬ ሲገዙ ጥርሱን አያዩም፤ ጀርባውን በመዳፋቸው ዳስሰው፣ ጅራቱ ሥር ያለውን ቆዳ ቆንጥጠው ይለቁና ቆዳው እንዴት እንደሚመለስ ያያሉ። የገዙትን በሬ የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም አያበሉትም ማለት ይቻላል፤ ገለባና ውኃ ብቻ። «መጀመሪያ ይረፍ። የደከመ ሰው ድግስ ቢያቀርቡለት ይበላል እንዴ?» ይላሉ።

በሁዳዴ ደግሞ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይቀምሱም። መጾም ነዋ! ስንት ቀን ከጠዋት ደርሼ፣ ጠርሙሶቼን አቅፌ፣ ቅዳሴ ወጥተው እስኪመጡ በረቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጫለሁ። «ቢያኝኩትና ቢተፉትስ?» ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። «አፌ የገባውን እግዜር አያይም ብለሽ ነው?» አሉኝ። አፈርኩ።

የተጣላነው አንድ ጊዜ ነው። በሬ ቶሎ እንዲሞላ መኖው ላይ ሞራ አቅልጦ መጨመር የሚል ነገር አንብቤ ነገርኳቸው። ማንኪያ የያዙ ይመስል እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«የበሬ ሞራ?»

«አዎ፣ በልኩ።»

«በሬን በሬ ልታበይው?»

«አያ፣ ስብ ነው እኮ፤ ጨጓራው የማን እንደሆነ አያውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ!» አሉ። ተነሡ፣ በረቱ ውስጥ ገቡ፣ በሩን ዘጉ። እኔን ከነጠርሙሴ ውጭ ትተውኝ። እትዬ አለሚቱ ጠላ አምጥተው እየቀዱልኝ «ተይው፣ አሁን ለበሬዎቹ ያንቺን ጉድ እየነገራቸው ነው» አሉኝ። እውነትም ድምፃቸው ይሰማ ነበር።

ሞራው ቢቀር በሌላ መጣሁ። ከመጭመቂያው በርሜል ሥር የሚቀረውን የዘይት ዝቃጭ በፋጉሎው ላይ እንጨምር አልኳቸው። ይሄ ከኑግ ነው፣ እሺ አሉ። የለካሁት ግን እኔ ነኝ፤ የለካሁትም መሣሪያ ሳይኖረኝ በግምት ነው። እሳቸው ዝቃጩን በጣታቸው ቀምሰው «በዛ ባለጠርሙሷ» አሉኝ። «አልበዛም» አልኩ። ተማርኩ ባይ ነኝ እኮ! በአምስተኛው ቀን ሁለቱ በሬዎች ገለባ ማየት ጠሉ፤ እበታቸው ቀጠነ፣ ያልተፈጨ ገለባ እንዳለ ይወጣ ጀመር። አያ ተገኜ እበቱን በእንጨት ገለጥ አድርገው አሳዩኝ።

«አየሽ? ገለባው ዘይት ለብሶ ገባ፣ ዘይት ለብሶ ወጣ። ሆዱ ሊነካው አልቻለም።»

መጽሐፉ ይህንኑ በሦስት ገጽ ነው የሚጽፈው። እንዲቆጡኝ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ዝቃጩን ራሳቸው ወስደው ደፉት፣ በሬዎቹ በድርቆሽ እንዲያገግሙ አደረጉ፣ ለሰውም «ሆድ ቁርጠት ነው» ብለው አወሩ። የኔ ጥፋት መሆኑ ከበረቱ አልወጣም። ያኔ ይህን ነገር ልብ ብዬው ቢሆን ኖሮ፣ ሰውዬው እኔን ላለማሳፈር እስከምን እንደሚሄዱ ባወቅኩ ነበር።

እንዲህ ሆነን ሦስት ዓመት ሄድን። መለዋወጫው አልመጣም፤ እኔም ከአዘዞም ከጎንደርም የሰበሰብኩትን ሁሉ በጠርሙስ እየያዝኩ ወደ እሳቸው ነው። እሳቸው «ይሄ ካለፈው ይበልጥ ቅባት አለው»፣ «ይሄ ለወይፈን ነው እንጂ ላረጀ በሬ ይከብደዋል» ሲሉ እኔ እጽፋለሁ። የቫይታሚንና የማዕድን ዱቄት ያመጣሁ ጊዜ እንኳ ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱ። «ይሄ መድኃኒት ነው። መድኃኒት ደግሞ ለታመመ ነው» አሉ፤ ቢሆንም ለአንድ በሬ ሞክረው ቀንዱ ሥር ያለው ጠጉር ሲያበራ አይተው «እሺ፣ ትንሽ ትንሽ» ብለው ተሸነፉ።

አንድ ነገር ነበር ያላስተዋልኩት። ገበያ ላይ ራሳቸው ከጆንያ ቆርሰው ያኘኩትን ይተፉታል። እኔ በእጄ ቆንጥሬ የሰጠኋቸውን ግን ይውጡታል። ሁሌ። እኔ ሞኟ የናሙናዬ ክብር መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ብቻ «አያ፣ ይትፉት እንጂ» ብያቸው «ከሰው እጅ የተቀበልኩትን? ጉርሻ ይተፋል እንዴ?» ብለው እንደ ቀልድ አለፉት። እኔም ሳቅኩ።

ክረምት ሲገባ ፋጉሎ እርጥበት ይጠጣል፤ ይሻግታል። ሻጋታው አንዳንዴ በዓይን ይታያል፣ አንዳንዴ አይታይም። የሻጋታ መርዝ ጉበት እንደሚጎዳ፣ ከብትም ሰውም እንደሚጎዳ አውቃለሁ፤ ለሌላው ሰው የማስተምረው እኔ ነኝ! ለነጋዴዎቹ ነግሬያለሁ፣ ለሀብቴ ነግሬያለሁ። የማየውን ሻጋታ እጥላለሁ። የማላየውን ግን ቆንጥሬ ለአያ ተገኜ ሰጥቻለሁ። ስንት ክረምት? ሦስት።

ካለፈው ጥምቀት በኋላ ሁሉም ነገር «ሸጋ ነው» ሆነ። ደረቁም ሸጋ፣ ቅባታሙም ሸጋ። መጀመሪያ አረጁ አልኩ። ከዚያ ተጠራጠርኩና ክፉ ነገር ሠራሁ። ድሮ መሣሪያው ሳይበላሽ ዘይቱ ጨርሶ የወጣለት፣ እንጨት ፍቅፋቂ የሚመስል ናሙና ነበረኝ፤ እሱን ሰጠኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አኘኩ። ቆዩ። ዋጡ።

«ሸጋ ዘይት አለው» አሉ።

ደብተሬን ዘጋሁት። እሳቸውም ዓይናቸውን ገልጠው ሲያዩኝ ነገሩ ገባቸው። ያኔ ነው ዓይናቸው ነጩ ቢጫ መሆኑን ያየሁት። እትዬ አለሚቱ ከበሩ ሆነው «ወጡ ጨው ይኑረው አይኑረው ካላወቀ አንድ ወሩ ነው» አሉ። «የገበያውን ፋጉሎ እኔ ነኝ ቀድሜ ቀምሼ የምነግረው፤ ያንቺን ግን ሁሉንም ሸጋ ነው እያለ ያልፈዋል።»

አያ ተገኜ ወደ መሬት አዩ። «ምነው አለሚቱ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ምን አስቸኮለሽ?»

መንገዱ ክፍት የሆነ ቀን ጠብቀን ጎንደር ሆስፒታል አመጣናቸው። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ደግ ነው። ጉበታቸው እንደሆነ፣ ብዙ እንደቆየ፣ የሚቆረጥም የሚታከምም እንዳልሆነ ለእኔ ነገረኝ። ኮሪደሩ ላይ ያዝኩት።

«ከሻጋታ ሊሆን ይችላል?»

«ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ጉበትን የሚያሳምም ብዙ ነገር አለ። ምነው?»

«ዝም ብዬ ነው» አልኩት። ዝም ብዬ! ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አንድ ቁንጣሪ ሰው አይገድልም፣ አውቃለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ የተዋጠ ቁንጣሪስ? ያንን የሚያውቅ ማን ነው? እኔ ነኝ የገደልኳቸው ወይስ አይደለሁም? ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥርሴን ስፋቅም፣ ቲማቲም ስመርጥም፣ የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

ቤታቸው የመለሷቸው ፋሲካ ስድስት ሳምንት ሲቀረው ነው። በረቱ ውስጥ ለፋሲካ የሚወጡ ሁለት በሬዎች ነበሩ፣ ዳማና ጉራች። አያ ተገኜ መደባቸውን በበረቱ በር ትይዩ አስደርገው ተኝተው ያይዋቸዋል። ስለ ራሳቸው አንድ ቀን አልጠየቁኝም። ሐሳባቸው የመጨረሻዎቹ በሬዎቻቸው ሳይሞሉ ገበያ እንዳይወጡና ሰው «ተገኜ በመጨረሻ ተበላሸ» እንዳይል ነው።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ቀን አዲስ ጆንያ መጥቶ ነበር። «ቅመሽልኝ» አሉኝ።

«እኔ?»

«የአለሚቱ ምላስ ለወጥ ነው። አንቺ ተምረሻል።»

ቆረስኩ። አኘክሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጬ ስጽፍ፣ አንድም ቀን አፌ ውስጥ ከትቼው አላውቅም ነበር፤ ይገርማል። መራራ ነው፣ አቧራ አቧራ ይላል፣ ምላስ ላይ ይጣበቃል። ዘይት ይኑረው አይኑረው፣ ይሻግት አይሻግት፣ ምንም አላወቅኩም። ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ነው።

«ምን ይላል?»

«ሸጋ ነው አያ።»

«አልበዛበትም?»

«ልክ ነው።»

ራሳቸውን ወደ ትራሱ መለሱ። «ተፊው ተፊው፣ ካንቺው እጅ ነው የወሰድሽው» አሉኝ። ተፋሁት። ከዚያ በኋላ መንገዱ ተዘጋ።

የሀብቴን ወሬ በሰማሁ በሦስተኛው ቀን መንገዱ ተከፈተና ማክሰኝት ደረስኩ። እትዬ አለሚቱ ማቅ ለብሰው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ዳማና ጉራች ተሸጠው ወጥተዋል፤ ሞልተው ነበር አሉኝ፣ ገበያው ሁሉ ዳሰሳቸው አሉኝ። እግራቸው ሥር ተቀመጥኩና ያ ሲበላኝ የከረመውን ነገር አወጣሁት። ስለ ሻጋታው፣ ስለ ክረምቱ፣ ሐኪሙ ስላለው፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። እንዲያባርሩኝ ፈልጌ ነበር ማለት እችላለሁ።

አላባረሩኝም። ጉልበቴን ያዝ አደረጉኝ።

«ያውቅ ነበር እኮ» አሉ።

«ምኑን?»

«የሻገተውን። በዓይን ባይታይ ምላሱ ይስታል ብለሽ ነው? አንቺ ከሄድሽ በኋላ በውኃ ይጉመጠመጥና 'ዛሬም የሻገተ አቀመሰችኝ' ይለኝ ነበር። 'ታዲያ ምነው አልተፋኸው?' ስለው፣ 'ልጅቷ በእጇ አጉርሳኝ ፊቷ ልትፋው? እንዳትነግሪያት፣ ትደነግጣለች' ይል ነበር።»

«ስንት ጊዜ?»

«እኔ ምን ቆጠርኩ ልጄ። ክረምት ነው፤ በመጣሽ ቁጥር።»

እግዜር ያጥናዎ ብዬ ወጣሁ።

መለዋወጫው ባለፈው ሳምንት መጣ። መሣሪያው ተጠግኖ ይሠራል፤ ቁጥር ያወጣል፤ ሀብቴም ውጤቱን በወረቀት እየወሰደ በሩ ላይ ይለጥፋል። መደርደሪያዬ ላይ ግን ያልለካኋት አንዲት ጠርሙስ አለች። ያለፈው ነሐሴ ናሙና ናት። ያን ቀን ቁራሹ ተለቅ ብሎባቸው ነክሰው፣ የነከሱትን ውጠው፣ ትራፊውን ወደ ጠርሙሱ መልሰውልኝ ነበር። የፊት ጥርሳቸው ምልክት፣ መሀል ላይ ከጎደለችው ጥርስ ጋር፣ ቁራሹ ላይ ይታያል።

ይህችን ቁራሽ አዲስ አበባ ብልካት መርዙ ነበረባት ወይስ አልነበረባትም የሚለውን ይነግሩኛል። ለምርመራ ግን መጀመሪያ መፈጨት አለባት። ሁለት ጊዜ ከጠርሙሷ አውጥቼ መፍጫው ላይ አስቀመጥኳት፤ ሁለት ጊዜ መልሼ አነሣኋት። ዛሬም ጠዋት ሥራ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት እሷን ነው። መፍጫው አጠገቧ ነው።